የሚያጉረመርመው ሃርድ ዲስክ፦ የሳጉሬ ማስታወሻ

አዳማ መናኸሪያ፣ ኅዳር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ረዳቱ ቦርሳዬን ተቀብሎ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሊወረውር እጁን ሲዘረጋ «ይሄ ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው» አልኩት። «የሚሰበር ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ የሚሰበር ነው። ሹራብ ውስጥ የጠቀለልኳቸው ሁለት ሃርድ ዲስኮችና አንድ ኤስኤስዲ፣ የሚዞር ነገር የሌለው ማከማቻ፣ ይዣለሁ። ሃርድ ዲስክ ሲጠፋ ጭንቅላቱ ከሳህኖቹ ገለል ብሎ ማረፊያው ላይ ስለሚቀመጥ የመንገድ መንገጫገጭን ይችላል፤ ከጣሪያ መወርወርን ግን አይችልም። እስከ ዴራ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አጠገቤ የነበሩት እናት «አምጣው ልጄ፣ ተራ በተራ እንያዘው» ብለው ከእርጎ ቅላቸው ጋር አቀፉልኝ።

የምሄደው ሳጉሬ፣ አጎቴ ቤት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ባለፈው ሳምንት ደውለው «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ጣ ጣ ጣ ይላል። እሱ ብቻ አይደለም፣ ቀረጻዬም ውስጥ ንብ ገብቷል» አሉኝ። ጣ ጣ ጣው ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ንቡ ግን እስከ ሳጉሬ ድረስ ሲያሳስበኝ ሄደ።

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአርሲ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ድምፅ ሲቀዱ የኖሩ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በካሴት፣ ኋላ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ። ላም ሲታለብ የሚዘፈነው፣ ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው ወጥተው የተጣላ ያስታረቁበት ቀን፣ የሠርግ ዘፈን፣ ከብቶቻቸው በበሽታ ያለቁባቸው ዓመት፣ ሁሉም አለ። በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመውን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱን፣ የሚያስታውሱ ሰዎችም አሉበት፤ የተሻሻለ ዘርና የውጭ ደም ያላቸው ላሞች ሲመጡ ያዩ፣ ትራክተሩ ተከትሎ ሲመጣ ደግሞ ባለመሬቱ «በቃኸኝ» ብሎ ያሰናበታቸው ጭሰኞች። የየካቲት 1967ን የመሬት አዋጅ በሬዲዮ የሰሙበትን ቀን የሚናገሩም አሉ። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ድምፃቸው ያለው አንድ የ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ካሴቶች በቀር ሌላ ቅጂ የለም። ያ ዲስክ ነው ጣ ጣ የሚለው።

ከኢተያ እስከ ቁሉምሳ

ኮምባይነሮች ማሳ ውስጥ ገብተዋል። የቁሉምሳን የእርሻ ምርምር ማዕከል ስናልፍ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ የስንዴ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ያለፉትን ሦስት ቀናት እያሰብኩ ነበር፤ እነዚህን ዲስኮች አዲስ አበባ ፈልጎ ለማግኘት ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ «አዲስ፣ ያልተነካ» ያለኝን ባለ አራት ቴራ ዲስክ አወጣልኝ። ላስቲኩ የታሸገ ነው። ገልብጬ መለያ ወረቀቱን ሳነብ የተመረተበት ቀን ከአራት ዓመት በፊት ነበር። የብሎን ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ተፍቆ ያበራል፤ ገመድ የሚሰካበት ወርቃማ ጥርስ ላይ ቀጭን ጭረት አለ። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አሳየኝ፦ የሠራበት ሰዓት ዜሮ። ዜሮ ሰዓት የሠራ ዲስክ እንዴት ብሎ ጥርሱ ይጫራል? እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የሰርቨር ቤት ውስጥ ቀን ከሌሊት ለዓመታት ከሠሩ በኋላ ተነቅለው፣ ቆጣሪያቸው ተሰርዞ ዳግም ለገበያ የሚቀርቡ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ያገለገለውን አዲስ ነው ማለት ግን የሰው ትዝታ ላይ መቆመር ነው። አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ በገባሁበት ሱቅ ሁሉ ሦስት ነገር ሳላይ ብር አላወጣሁም፦ የምርት ቀኑን፣ የጥርሱን ጭረት፣ ሴሪያል ቁጥሩን። ሴሪያሉን ስልኬ ላይ አምራቹ ድረ ገጽ ውስጥ አስገብቼ ዋስትናው መቼ እንደሚያበቃ አየሁ። ይህን ስጠይቅ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሻጭ አለ፤ «እሱንማ ራሴ ላሳይህ» ያለኝም አለ። የገዛሁት ከኋለኛው ነው።

ጸጥታውን በተመለከተ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። የቤት ዲስክ በደቂቃ ወይ 5,400 ወይ 7,200 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ ሲሰላ 90 ወይም 120 ዙር ነው፤ ያ ዙር እንደ ጉርምርምታ ይሰማል። በዚያ ላይ ጭንቅላቱ ከቦታ ቦታ ሲዘል የሚያሰማው መንኳኳት አለ። ዱሮ ሞተሩ በኩሽኔታ ላይ ስለሚዞር ያፏጭ ነበር። ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በስስ ዘይት ላይ የሚዞር ስለሆነ ፉጨቱ ጠፍቷል፤ ጉርምርምታውና መንኳኳቱ ግን አሁንም አሉ። ለሰርቨር የሚሠሩት ትልልቅ ዲስኮች ጫጫታቸው ከፍ ያለ ነው፤ የሚሠሩበት ክፍል ሰው አይተኛበትምና አምራቹ አይጨነቅም። እኔ ባለ 5,400ዎቹን መረጥኩ።

ሌላም የተጠነቀቅሁት ነገር አለ። አንዳንድ ዲስኮች መስመሮቻቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ይጽፋሉ። ርካሽ ናቸው፣ ብዙም ይይዛሉ፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ለማረም ከላዩ የተደረቡትን ሁሉ እንደገና መጻፍ ስላለባቸው ብዙ ሲጻፍባቸው ለረጅም ሰዓት ይንኳኳሉ። ያልተደረበውን ጠይቄ ገዛሁ።

ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሦስት ብቻ ቀርተዋል፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። የትኛው ይሻላል ለሚለኝ ሰው መልሴ ሁለት ገዝተህ ከሁለት አምራች አድርጋቸው ነው። ባክብሌዝ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዲስኮች አሉት፤ ስንት እንደተበላሹበት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ ያወጣል። በጥቅሉ በዓመት ከመቶ አንድ ሁለቱ ይሞታሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን የአጎቴ ዲስክ ከመቶው አንዱ ሆኗል፣ ለእሳቸው ደግሞ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ሁለቱን ከአንድ አምራችና ከአንድ ካርቶን ብገዛቸው አንድ ዓይነት የፋብሪካ ጉድለት ቢኖርባቸው አብረው ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱ ሲጌት፣ ሌላው ዌስተርን ዲጂታል ነው፤ ከሁለት የተለያዩ ሱቆች።

መጠንን ማብዛት አላስፈለገኝም። አጎቴ 140 ያህል ባለ ስልሳ ደቂቃ ካሴት አላቸው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ሳይታመቅ ሲቀመጥ 635 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 140ው ሲደመር 90 ጊጋ አይሞላም። ቀጥታ የተቀዳውና የልጆቹ የሠርግ ቪዲዮ ቢጨመር ሁለት ቴራ ከበቂ በላይ ነው። አይቢኤም በ1956 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ትልልቅ ሳህኖች ደርድሮ አምስት ሚሊዮን ፊደል ነበር የሚይዘው፤ ከአንድ ሽማግሌ ንግግር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይችልም ነበር።

አሰላ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት

እዚህ የወረድኩት ለሁለት ጉዳይ ነው። አንደኛው ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለአፍታ የሚይዝ ባትሪ፣ መግዛት፤ ሁለተኛው የአጎቴን ልጅ አግኝቼ የአንዱን ዲስክ ማደሪያ ማስፈቀድ። «ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእናቴ የሠርግ ቀሚስ ሥር ይቀመጣል» አለችኝ። ቦታው ተስማምቶኛል፦ ደረቅ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሳጉሬ ያለው ቤት እሳት ቢነሳበት፣ ሌባ ቢገባበት፣ መብረቅ ቢወድቅበት አሰላ ያለው ይተርፋል።

ሳጉሬ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከአሰላ በቆጂ የሚሄደው ሚኒባስ አወረደኝ። ነፋሱ ብርዳም ነው። የጭላሎ ተራራ ከጎን ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ ጫፉ ላይ ነጭ ደመና አርፏል። የጋሪ ፈረሶች አስፋልቱ ዳር ቆመው ጌሾ የጫነች ባጃጅ ሲያሳልፉ ጠበቅሁ።

ከፍታው ለሃርድ ዲስክ ቁም ነገር ነው፤ ሻጮች ግን አያነሱትም። ጭንቅላቱ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲዞር የሚፈጥረው አየር ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ይጠባል። ለዚህ ነው አብዛኛው ዲስክ አየር የሚያስገባ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ያለው፣ «አትሸፍን» ተብሎ የተጻፈበት። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ጣሪያውን 3,048 ሜትር ላይ ያቆማሉ። ሳጉሬ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ቀንሷል። ዲስኩ ይሠራል፤ ሆኖም ከዋጋው ጋር ጥራቱንም ማየት እዚህ ከአዳማ ይልቅ ይበጃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚሄደው የጭላሎ ጫፍ ኮምፒውተር ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ ግን ኤስኤስዲ ይያዝ፤ እሱ የሚዞር ነገር የለውም።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ በሩ ላይ ተቀበሉኝ። «እንዴት ከሳህ!» ካሉኝ በኋላ ጭኮ በቅቤ፣ ቀጥሎ ትኩስ ወተት። አጎቴ እስክበላ አልታገሱም። «ና፣ ና፣ መጀመሪያ ስማው» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ከእንጨት በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማይክሮፎኑም እዚያው ጠረጴዛ ላይ። አበሩት። መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው በሙሉ አብሮ አጉረመረመ። መዳፌን ሳንቃው ላይ አሳረፍኩ፤ እንደተወጠረ ከበሮ ይርገበገባል። ያኔ ንቡ ገባኝ።

ባለፈው ዓመት የቀዱትን የአንድ ሽማግሌ ንግግር አሰሙኝ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ይናገራሉ። ከድምፃቸው ሥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወጥ ዝማሬ አለ። ዲስኩ ባለ 7,200 ነው፤ 120 ዙር በሰከንድ። የወንድ ድምፅ መሠረቱ የሚያርፈውም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ዝማሬውን በፕሮግራም ልቁረጥ ብትል የሽማግሌውን ደረት አብረህ ትቆርጣለህ፤ የሚቀረው በስልክ የሚያወራ ሰው ይመስላል። «ሞክሬዋለሁ» አሉ አጎቴ። «ሰውዬውን ገደልኩት። መልሼ እንደነበረ ተውኩት።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጸጥ ያለ ዲስክ የምቾት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን የታሪክ ማስቀመጫው ራሱ በታሪኩ ላይ ሲጽፍበት ነው የኖረው።

ማታ፣ 3 ሰዓት

የሚሞት ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት እንደገና እንደገና ማብራት ነው። ሁለተኛው ስህተት ፋይል በፋይል እየከፈቱ መቅዳት። ጣ ጣ የሚለው ጭንቅላቱ መስመሩን ፈልጎ አጥቶ ወደ ማረፊያው ሲመለስ፣ እንደገና ሲሞክር ነው፤ በሞከረ ቁጥር ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። ስለዚህ ከፍላሽ በሊነክስ አስነሳሁት፤ ዲዲሬስኪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ወደ አዲሱ መቅዳት ጀመርኩ። ይህ ፕሮግራም የቤት እመቤት እህል እንደምትለቅም ነው የሚሠራው፦ ደህናውን ቦታ ቶሎ ቶሎ ያነሳል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። የት እንደደረሰም ማስታወሻ ይይዛል።

የመጀመሪያው አርባ ከመቶ በፍጥነት ሄደ። ከዚያ ዘገየ። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ ተቀምጠው በየጊዜው «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። 62። 62። አሁንም 62። ጣ። ጣ። እትዬ ከውስጥ ቤት «ኧረ ተዉት ይረፍ» አሉ።

5 ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ።

ቤቱ ጨለመ፤ ዩፒኤሱ እየጮኸ ኮምፒውተሩን ያዘው። አሥር ደቂቃ ነው ያለን። ፕሮግራሙን በሥርዓት አቆምኩት፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ ሁሉንም ከሶኬት ነቀልኩ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ጉልበት ከመጥፋቱ ይልቅ ነው ዕቃ የሚፈጀው። ያን ጊዜ ያ ቤት ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደሆነ ሰማሁ። ከግድግዳው ማዶ ላሟ ታመሰኳለች። ሩቅ ውሻ። የጣሪያው ቆርቆሮ ብርዱ ሲያኮማትረው አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። አጎቴ በጨለማው ውስጥ «ድሮ እንዲህ ሲሆን ቀጥ ብሎ ነበር የሚጠፋው፤ ጭ ይልና» አሉ።

ያ «ጭ» ብልሃት እንዳለው ነገርኳቸው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሳህኖቹ ወዲያው አይቆሙም። በሚዞሩበት ጉልበት ሞተሩ ለአፍታ ጀነሬተር ይሆናል፤ ያቺ የመጨረሻ ኤሌክትሪክ ጭንቅላቱን ጎትታ ወደ ማረፊያው ትመልሰዋለች። ካልሆነ ሳህኑ ላይ ይወድቅ ነበር። ዲስኩም ይህን በሆነ ቁጥር ይቆጥራል። ነገ እናየዋለን አልኳቸው።

መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ተመለሰ። ከ62 ቀጠልን።

በማግስቱ

ንጋት ላይ አለቀ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጣ፤ ሦስት ፋይሎች አልተነበቡም። ሁለቱ ካሴታቸው አለ። ሦስተኛው በቀጥታ የተቀዳ ነው፣ ካሴት የለውም፤ 11ኛው ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። የተናገሩት አዛውንት አርፈዋል። አጎቴ ብዙ አልተናገሩም። ፋይሉን ከፍተው እስከ 11ኛው ደቂቃ አዳመጡ። ከዚያ በኋላ የአዛውንቱ ልጅ ወደ ቲጆ በኩል እንደምትኖር፣ ታሪኩን ከአባቷ ብዙ ጊዜ እንደሰማችው ነገሩኝ፤ ስሟንም ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

የአሮጌውን ዲስክ ቆጣሪ አየነው። የሠራበት ሰዓት ከሃያ ሺህ በላይ። የተተኩ ሴክተሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ። በድንገተኛ መጥፋት ጭንቅላቱን የሰበሰበበት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው አጥርተው እንደገና አነበቡት። «እኔ መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ ልመዘግብ አስቤ አላውቅም። እሱ መዝግቦልኛል» አሉ። ከ1,300 ጊዜ በኋላም ይህን ያህል መስጠቱን ሳስብ አሮጌው ዲስክ ላይ ክፉ ቃል መናገር አልፈልግም።

ከዚያ የቤቱን ሥራ ጀመርን። ኮምፒውተሩ የሚነሳበትና ቀረጻው መጀመሪያ የሚያርፍበት ኤስኤስዲው ሆነ፤ ድምፅ የለውም። ግን እሱን ብቻ አላምንም። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያጉረመርማል፣ ጣ ጣ ይላል፣ ስልክ ለመደወል ሳምንት ይሰጥሃል። ኤስኤስዲ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ባለ 5,400 ዲስክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ ሥራ ሲያጣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መዞሩን እንዲያቆም አደረግሁት። ቀረጻ ላይ ጨርሶ አይዞርም፤ ማታ ማታ ቅጂ ሲወስድ ብቻ ይነሳል። ሁለተኛው ቅጂውን ይዞ አሰላ፣ ቀሚሱ ሥር ይገባል። ሦስተኛ ቅጂ እኔ አዲስ አበባ እወስዳለሁ።

ብሎኑ ብረት ለብረት ሲነካካ ዝማሬውን ወደ ኬዙ ያስተላልፋል። አጎቴ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ጣት የሚያክሉ ቁራጮች በመቀስ ቆረጡ፤ በዲስኩና በማቀፊያው መካከል አስገብተን ብሎኑን ሳናጠብቅ አሰርነው። ቀዳዳዋን እንዳንሸፍን ሁለት ጊዜ አየሁ። እትዬ አሮጌ ነጠላ ጫማ አመጡ፤ ከተረከዙ አራት ቁራጭ ቆርጠን ከኬዙ እግሮች ሥር አደረግን። ማይክሮፎኑን ወደ ሌላ በርጩማ አዛወርነው። አብርተን መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ምንም የለም። አጎቴም እጃቸውን አሳረፉ፤ ረጅም ጊዜ አላነሱትም።

ለሙከራ እትዬ እንዲናገሩ ጠየቅናቸው። «እኔ ምን አለኝ» አሉ፤ ከዚያ ልጅ ሆነው የመጀመሪያውን ትራክተር ያዩበትን ቀን ጀመሩ። ከእናታቸው ኋላ ተደብቀው፣ ድምፁ ከሰማይ የመጣ መስሏቸው። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ።

መልሰን ሰማነው። የእትዬ ድምፅ ብቻ ነው። ሲዘገዩና ሲያስቡ መካከል ላይ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ለስላሳ፣ ቋሚ። አጎቴ ድንገት ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፤ ዲስኩ እንደገና ጀመረ ብለው ነው። ጆሯቸውን ኬዙ ላይ ደገፉ። የለም። ቀረጻውን አቁመው ወደኋላ መለሱና ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ላሟ ናት» አሉ እትዬ።

እንደገና መለሱት። ከግድግዳው ማዶ፣ በእትዬ ሁለት ቃላት መካከል፣ ላሟ ታመሰኳለች።